በሼትላንድ ጸደይ አእዋፍና ኦተር (ውሃ ውስጥ ዓሣ የሚያድን አጥቢ እንስሳ) ለማየት የሚሄድ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሼትላንድ ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ በ60ኛው ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ የሚገኙ ደሴቶች ናት። ጸደይ እዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ወሮቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጠቅሰናል።

ያለጊዜው መሄድ። ረጅም ቀይ ምንቃር ያለው ኦይስተርካቸር በፌብሩዋሪ መመለስ ሲጀምር ብዙ ሰው ፓፊን የተባለው የባሕር ወፍም የደረሰ ይመስለዋል። ፓፊኖች የሚመጡት በኤፕሪል ነው፤ ያኔም ቢሆን ለቀናት ወደ ባሕር ተመልሰው ይጠፋሉ። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ ወደ ሰምበራ ሄድ ገደል መሄድ ይሻላል፤ ቀን ዓሣ ፍለጋ ስለሚወጡ ማምሻውን ይሂዱ። ኦገስት ሲጋመስ አንድም አይቀርም ማለት ይቻላል።

ከመንገድ ወጥቶ ሣሩን መርገጥ። ፓፊን የሚፈለፍለው አፈር ውስጥ በቆፈረው ጉድጓድ ነው። ጣሪያው ስስ ስለሆነ በሰው ክብደት ይደረመሳል፤ ጥንዶቹ ደግሞ በዓመት የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነው።

ወፍ ሲያጠቃ ቆሞ ፎቶ ማንሳት። አርክቲክ ተርን ጭንቅላት ላይ ከወረደ፣ ጎጆዎቹ መሀል ገብተዋል ማለት ነው። የሚመታው ከፍ ያለውን ነገር ስለሆነ ዱላ ከራስዎ በላይ ይያዙና በመጡበት ይመለሱ። እንቁላሎቹ ጠጠር ስለሚመስሉ እግርዎ ሥር እያዩ ይራመዱ። የአካባቢው ሰው ቦንክሲ የሚለው ትልቁ ስኩዋም እንዲሁ ያደርጋል፤ የእሱ ምት ግን ይከብዳል።

ፉልማር የተባለው የባሕር ወፍ ጎጆ አጠገብ መቀመጥ። ከሆዱ የሚተፋው ዘይት ክርፋት ከልብስ በቀላሉ አይለቅም። ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቁ፤ ፈርሶ የቆመ የድንጋይ ግንብ ላይም ስለሚፈለፍል ከመደገፍዎ በፊት ይመልከቱ።

ኦተርን ማሳደድ። ብዙ ጉብኝት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሼትላንድ ኦተር በቀን ብርሃን ከባሕር ያድናል፤ ዓይኑ እርስዎን ባያይ እንኳ አፍንጫው ይደርስብዎታል። ስለዚህ ነፋሱ ከእሱ ወደ እርስዎ የሚነፍስበትን አቅጣጫ ይምረጡ፤ ጥላዎ ከሰማይ ጋር ተለይቶ እንዳይታይም ከጉብታው ጫፍ ዝቅ ይበሉ። ሲጠልቅ ጥቂት እርምጃ ይራመዱ፣ ብቅ ሲል ባሉበት ይድረቁ። ትልልቁን ዓሣ የሚበላው የብስ ላይ ወጥቶ ስለሆነ ያኔ ረጋ ብሎ ይታያል። መኖሪያ ጉድጓዱን ግን አይጠጉ፤ ማወኩ በሕግ የተከለከለ ነው።

በሙሳ ደሴት ባትሪ ማብራት። ስቶርም ፔትረል የተባሉት ትንንሽ የባሕር ወፎች በጥንታዊው የድንጋይ ማማ ግድግዳ ውስጥ ወዳሉት ጎጆዎቻቸው የሚገቡት አዳኝ ወፎችን ፈርተው በሌሊት ነው። በጁን ሰማዩ ጨርሶ ስለማይጨልም፣ ዓይንዎን ጥቂት ካለማመዱት ያለ መብራትም ያዩዋቸዋል።