4,294,967,297ን ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሠላሳ ሁለት 2ቶችን እርስ በርስ አባዝተው 1 ሲጨምሩ 4,294,967,297 ይመጣል። ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው? ማለትም ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የለውም? ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፤ የሚያሳስተው ነገር ብዙ ነው።

ዳር ዳሩን አይቶ መፍረድ። በ7 ስለሚያልቅ ለ2ም ለ5ም ያለ ቀሪ አይካፈልም። አሃዞቹ ሲደመሩ 59 ስለሚሆኑ ለ3ም እንዲሁ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ብቸኛ ነው» ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። የተፈተኑት ግን ሦስት አካፋዮች ብቻ ናቸው።

የጥቂቶችን ጠባይ ለሁሉም መስጠት። በዚህ ስህተት ታላቁ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ፌርማም ወድቋል። 2ን 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ጊዜ አባዝተን በየተራው 1 ብንጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 እናገኛለን፤ አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ፌርማ ተከታዩም፣ ከእሱ በኋላ የሚመጡትም እንደዚያው ናቸው ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. በ1732 ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ተከታዩን ቁጥር፣ ማለትም የእኛን 4,294,967,297፣ ሰበረው፤ 641 × 6,700,417 ነው። እስከ ዛሬ ከአምስቱ ሌላ አንድም ብቸኛ አልተገኘም።

ያገኙትን ሁሉ እየወሰዱ ማካፈል። አካፋይ ካለ ትንሹ ከዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ከሚሰጠው) አይበልጥም፤ የዚህ ቁጥር ዳግም ዘር ደግሞ ከ65,536 እጅግ በጥቂቱ ይበልጣል። ስለዚህ ከዚያ በላይ መሄድ ድካም ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ራሳቸው 6,542 ናቸው! ኦይለር ግን አቋራጭ አለው፦ የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ64 ሲካፈል 1 መቅረት አለበት። ይህን የሚያሟሉት በቅደም ተከተል 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። በአምስተኛው ሙከራ ተያዘ። ከ2 ጀምሮ በተራ ለሚያካፍል ሰው 641 የሚደርሰው በ116ኛው ላይ ነው።

በአንድ ፈተና ብቻ መርካት። ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ፣ 2ን ከቁጥሩ በ1 ባነሰ ብዛት አባዝተን ለቁጥሩ ስናካፍል 1 ይቀራል። የእኛ ቁጥር ይህን ያልፋል፤ የሚገርመው ፈተናው የራሱ የፌርማ ነው። በ2 ፋንታ 3ን ሲያስገቡ ግን ይወድቃል።

መሣሪያውን አለመጠርጠር። ፕሮግራም ለሚጽፉ ይህ የከፋው ነው። አሉታዊ ቁጥሮችን ሳንጨምር፣ በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች) የሚያዘው ትልቁ ሙሉ ቁጥር 4,294,967,295 ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር የእኛ ቁጥር 1 ሆኖ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ 1ን መርምሮ «ብቸኛ አይደለም» ይልዎታል፤ መልሱ ልክ ስለሆነ ማንም አይነቃም። በዚያው ፕሮግራም 4,294,967,311ን ይሞክሩ። እሱ በእርግጥ ብቸኛ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን 15 አድርጎ ስለሚያነበው ለ3 ይካፈላል ይልዎታል።