የዞምቢ ተኩስ ጌም ሽጉጥ እቤት እንዴት ይሰራል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሳሎን

በድሮዎቹ የጌም ማሽኖች ዞምቢ የሚመታበት ሽጉጥ ጀርባው ካበጠው ቴሌቪዥን ጋር ካልሆነ አይሰራም። በዚያ ቴሌቪዥን ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ከላይ ግራ ተነስቶ እስከ ታች ቀኝ ስክሪኑን መስመር በመስመር ይጠርጋል። በእኛ አገር በተለመደው የፓል አሰራር አንዱን መስመር ለመጨረስ 64 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። ቃታው ሲሳብ አፈሙዙ ውስጥ ያለው የብርሃን ዳሳሽ ጨረሩ ፊት ለፊቱ ሲያልፍ ያየዋል፤ ማሽኑም ጊዜውን ቆጥሮ የትኛው ቦታ እንደታለመ ያውቃል። ፍላት ስክሪን ላይ የሚጠርግ ጨረር የለም። ስለዚህ ያረጀ የጌም ሽጉጥ ፈልጎ ከፍላት ጋር ማጋጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ለፍላት የሚሆነው ሽጉጥ ምስሉን ጭራሽ አያይም። የሚያየው ከስክሪኑ በላይና በታች የተለጠፉ አራት የኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ ብርሃን) ነጥቦችን ብቻ ነው። ነጥቦቹ በካሜራው ዓይን ውስጥ የት እንዳረፉ አይቶ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ ያሰላል፤ ለኮምፒውተሩም ራሱን እንደ ማውስ ያቀርባል። ይህን ከጅምሩ ያዙት፤ ብዙ ሰው ከብየዳው ጋር ሲታገል ይከርማል፣ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሳሎኑ ውስጥ ነው።

ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

እዚህ የምንጠቀመው ካሜራ የዲኤፍሮቦት ኤስኢኤን0158 ነው። ወደ ጎን 33 ዲግሪ፣ ወደ ላይና ወደ ታች 23 ዲግሪ ያያል፤ በአንድ ጊዜ እስከ አራት ነጥብ ይከታተላል፤ የሚደርሰውም እስከ 3 ሜትር ነው። ወሳኙ ጠባቡ ቁጥር ነው፣ 23ቱ። የስክሪኑን የታች ጠርዝ ስታነጣጥሩ ካሜራው የላይኞቹን መብራቶች ማየት አለበት፤ ካላየ ጠቋሚው ይዘላል። ስሌቱ ሲጠቀለል እንዲህ ይሆናል፦ በላይኛውና በታችኛው መብራት መካከል ያለውን ርቀት በአምስት አባዙ፤ ተኳሹ ከስክሪኑ ቢያንስ ያን ያህል መራቅ አለበት።

ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ስክሪኑ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ከጠርዙ ጋር መብራቶቹ 43 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ ስለዚህ 2 ሜትር ከ15 ትቆማላችሁ። ባለ 43 ኢንች ከሆነ 2 ሜትር ከ80 ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ለሆነ ስክሪን ሂሳቡ 3 ሜትሩን ያልፈዋልና በዚህ ካሜራ አትድከሙ። ሶፋው ግድግዳ ጥግ ደርሶ ሜትሩ 1 ከ70 ካለ ደግሞ ባለ 24 ኢንች የኮምፒውተር ስክሪን ይበቃችኋል፤ ለዞምቢ ጌም እንዲያውም አይከፋም።

የሚያስፈልገው

አርዱይኖ ፕሮ ማይክሮ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ ባለ 5 ቮልት፣ ኤቲሜጋ32ዩ4 ቺፕ ያለበት። ኡኖ የሚባለው የአርዱይኖ ቦርድ አይሆንም፤ በቀጥታ ራሱን ማውስ ማድረግ አይችልም፣ ብዙ ሰው ገዝቶ የሚቆጨውም በዚህ ነው። ከላይ የተባለው ካሜራ። 16 ባለ 5 ሚሊ ሜትር የ940 ናኖ ሜትር ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ፣ 8 ባለ 68 ኦም ሬዚስተር (ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ጥቁር፣ ወርቃማ ቀለበት ያለው)፣ ሁለት ማይክሮስዊች፣ 3 ሜትር የዩኤስቢ ገመድ፣ ለመብራቶቹ ደግሞ ጫፉ የተቆረጠ ሌላ የዩኤስቢ ገመድ።

ቦርዱንና ካሜራውን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ማስያዝ ወይም ከውጭ ማስላክ ይቀላል። የቀረውን ከወዳደቀ ዕቃ ታገኙታላችሁ፤ ስዊቹ የማንኛውም የተበላሸ ማውስ የግራ ቁልፍ ስር አለ፣ ኢንፍራሬድ ኤልኢዲም በየሞተው ሪሞት አፍንጫ ላይ አንድ አንድ ተሰክቷል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚጠግን የምታውቁት ልጅ ካለ የሪሞት ሬሳውን እንዲያስቀምጥላችሁ ንገሩት።

መብራቶቹ

በእያንዳንዱ ነጥብ አራት ኤልኢዲ ይኖራል። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አያይዙ፤ የአንዱ አጭር እግር ከሌላው ረጅም እግር ጋር ይገናኛል፣ በየጥንዱም አንድ 68 ኦም ሬዚስተር ይገባል። አንድ ኤልኢዲ 1.3 ቮልት ገደማ ይበላል፤ ከ5 ቮልት ላይ የሁለቱ 2.6 ሲቀነስ 2.4 ይቀራል፣ ለ68 ሲካፈል 35 ሚሊ አምፔር። ስምንቱ ጥንድ አንድ ላይ 280 ሚሊ አምፔር ይሆናሉ፤ የቴሌቪዥን ዩኤስቢ በተለምዶ 500 ስለሚሰጥ ከዚያው ይሰካል። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ መብራቶቹም አብረው መጥፋታቸው ሌላው ጥቅሙ ነው።

ኤልኢዲዎቹን ሁሉ ወደ ፊት ቀጥ አድርጋችሁ አትደርድሩ። ርካሾቹ ብርሃናቸው እንደ ባትሪ ጠባብ ነው፤ ተኳሹ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲል ይደበዝዛሉ። ከአራቱ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ 15 ዲግሪ ያህል አዙሩ። ሁለቱን ነጥቦች ከስክሪኑ በላይ፣ ሁለቱን በታች፣ መካከሉን ይዛችሁ ለጥፉ፤ ጎን ለጎን ያለው ርቀት ለ32 ኢንች 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለ43 ኢንች 30 ይበቃል። የላይኞቹ ከታችኞቹ ትይዩ ይሁኑ።

መብራታቸው በዓይን አይታይም። የስልካችሁን የሰልፊ ካሜራ አብርታችሁ ተመልከቱ፤ የበራው ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል። የኋላው ካሜራ ብዙ ጊዜ ኢንፍራሬድ የሚከለክል መስታወት ስላለው ጥሩውንም መብራት የሞተ ሊያስመስለው ይችላል።

ሽጉጡ

ለአካሉ የልጆች የውሃ ሽጉጥ ተመራጭ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ በብሎን የተያያዘ ከሆነም ለሁለት ይከፈላል። ካሜራው አፈሙዙ ላይ ይቀመጣል፣ ቦርዱ እጀታው ውስጥ። ከካሜራው አራት ገመድ ይወጣል፦ ፕላሱ ወደ ቪሲሲ፣ መሬቱ ወደ ጂኤንዲ፣ ኤስዲኤ ወደ 2 ቁጥር ፒን፣ ኤስሲኤል ወደ 3። እነዚህን ገመዶች ከ30 ሳንቲ ሜትር አታስረዝሙ፤ ሲረዝሙ መረጃው ይበላሻል። ስዊቾቹ በአንድ እግራቸው ወደ ጂኤንዲ፣ በሌላው ኋላ የምትጭኑት ኮድ አናት ላይ ወደተጻፈው ፒን ይሄዳሉ፤ ቦርዱ የውስጥ ሬዚስተር ስላለው ሌላ አትጨምሩ። አንደኛው ስዊች ለቃታው ነው። ሁለተኛውን አውራ ጣት የሚደርስበት ቦታ አድርጉና በኮዱ የቀኝ ክሊክ እንዲሆን መድቡት፤ ጥቅሙ በኋላ ይገባችኋል።

የፕሮ ማይክሮ ትልቁ ድክመት የዩኤስቢ አፉ ነው። ልጅ ገመዱን አንዴ ሲጎትተው ከነመዳቡ ተነቅሎ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ቦርዱን አልቅሱለት። ገመዱን እጀታው ውስጥ አንድ ጊዜ ቋጥሩት፣ አፉን ዙሪያውን በኢፖክሲ አጽኑት።

ካሜራውን ግን ገና አታጣብቁ። ከካሜራው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ አጋዥ ኮድ) ጋር የሚመጣውን የሙከራ ኮድ ጫኑ፤ የአራቱን ነጥቦች ቁጥር በስክሪን ይደረድራል። ቁጥሩ ወደ ጎን ከ0 እስከ 1023፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከ0 እስከ 767 ይሄዳል፤ 1023 ሆኖ የደረቀ ነጥብ ካለ ያ መብራት አልታየም ማለት ነው። ሽጉጡን በርቀቱ ላይ ሆናችሁ የስክሪኑ መሀል ላይ አነጣጥሩ፤ የአራቱ አማካይ 512 እና 384 አካባቢ እስኪያርፍ ካሜራውን በክብሪት እንጨት እያስደገፋችሁ አስተካክሉት። ያን ጊዜ ይለጠፋል።

ኮዱ

ሳምኮ የሚባለው በነጻ የተለቀቀ የኢንፍራሬድ ሽጉጥ ኮድ አለ፤ አራት መብራት የሚጠቀመውን ዓይነት ውሰዱ። ከመጫናችሁ በፊት የካሜራውን ላይብረሪና አብስማውስ የሚባለውን የማውስ ላይብረሪ ወደ አርዱይኖ ፕሮግራሙ አስገቡ፤ ቀይ ስህተት ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጎድሎ ነው። በቦርድ ምርጫው ሊዮናርዶን ያዙ። ባለ 3.3 ቮልት 8 ሜጋ ኸርዝ የሚለውን ከመረጣችሁ ኮምፒውተሩ ቦርዱን ማወቅ ያቆማል፤ አትደንግጡ፣ የአርኤስቲ (ሪሴት) ፒኑን ከጂኤንዲ ጋር በሽቦ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ አነካኩት፣ ለ8 ሰከንድ ያህል ኮድ ለመቀበል ይነቃል። ጭራሽ የማይታወቅ ከሆነ ገመዱን ቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ስንቱን ጤነኛ ቦርድ ተበላሽቷል አሰኝቷል።

ማስተካከያውን (ካሊብሬሽን) ከመጀመራችሁ በፊት ቴሌቪዥኑን አዘጋጁ። ዊንዶውስና ፒ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭናችሁ ሁለተኛ ስክሪን ብቻ የሚለውን ምረጡ፤ በተዘረጋ ስክሪን ጠቋሚው ቦታውን ይስታል። ቀጥሎ የቴሌቪዥኑን የምስል መጠን ጠርዝ እንዳይቆርጥ አድርጉ። መሀሉ ልክ ሆኖ ወደ ጠርዝ በሄዳችሁ ቁጥር ጥይቱ እየራቀ ከመጣ ምክንያቱ ይህ ነው። የጌም ሞድ ካለውም አብሩት፤ ምስሉን የማሳመር ሂደት ስለሚዘለል ቃታውና ፍንዳታው ይቀራረባሉ።

ከዚያ ኮዱ በሚጠይቃችሁ ቅደም ተከተል ነጥቦቹን ተኩሱ፤ ስትጫወቱ የምትቆሙበት ቦታ ላይ ቆማችሁ እንጂ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጣችሁ አይደለም።

ከሰሉና ዳንቴሉ

ጠቋሚው የሚንቀጠቀጥ ወይም ድንገት ወደ ታች የሚሮጥ ከሆነ ካሜራው አምስተኛ ነጥብ እያየ ነው። በወሎ ሳሎን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የቡና ከሰል ነው። የጋመ ከሰል ኢንፍራሬድ ይረጫል፤ ምድጃው ከቴሌቪዥኑ ስር ጀበና ተጥዶበት ካለ ለካሜራው ከእናንተ ኤልኢዲ ጋር አንድ ነው። አድሩስ የሚጤስበት ማጨሻ፣ መብራት ሲሄድ የበራ ሻማም እንዲሁ። መድኃኒቱ ምድጃውን ከተኳሹ ጀርባ ማዞር ነው። ቡናው ይቅር ማለት የሚያዋጣ አይደለም።

ሁለተኛው የቡፌው መስታወት ነው። የታችኞቹ መብራቶች በመስታወቱ ላይ ይንጸባረቁና አራቱ ነጥቦች ስድስት ይሆናሉ። በላዩ ላይ ጠቆር ያለ ጨርቅ ወይም ወፈር ያለ ዳንቴል ዘርጉበት። ያው ዳንቴል ግን ከቴሌቪዥኑ አናት ላይ ተንጠልጥሎ የላይኞቹን መብራቶች እንዳይጋርድ።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ሐምሌ ላይ ደሴ ጉም ሲውጣት ይህ ጣጣ የለም፤ ኮምቦልቻ በበጋ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ መስኮት የምትገባው ግን ካሜራውን ታሳውረዋለች። ስስ መጋረጃ አያቆማትም፤ ወይ ወፍራም አድርጉ፣ ወይ ቴሌቪዥኑን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙሩ፣ ወይ ማታ ተጫወቱ።

ጌሙ

ለጌም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሽጉጡን በስክራች፣ ልጆች ጌም በሚሠሩበት ነጻ ፕሮግራም፣ ፈትኑት። ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፤ አንድ ዞምቢ ሳሉ፣ በየሁለት ሰከንዱ ቦታ ይቀይር፣ ሲነካ ነጥብ ይጨምር። በግማሽ ሰዓት ያልቃል፣ ልጆቹም ዞምቢውን ራሳቸው ይስሉታል። ከዚያ በኮምፒውተር ላይ በማውስ የሚጫወቱትን መምረጥ ትችላላችሁ፤ የሴጋው የሙታን ቤት (ሃውስ ኦፍ ዘ ዴድ) እንደገና ተሰርቶ በ2022 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር ወጥቷል። በጌም ማሽኑ ዘመን ከስድስት ጥይት በኋላ ከስክሪኑ ውጭ ተኩሶ ማጉረስ ነበር ደንቡ። በማውስ በሚሰሩ ጌሞች ማጉረሻው ብዙ ጊዜ የቀኝ ክሊክ ነውና ያ የአውራ ጣት ስዊች እዚህ ጋ ሥራ ያገኛል።

ለሁለተኛ ተጫዋች ሌላ ሽጉጥ ከመሥራታችሁ በፊት ጌሙ ሁለት ማውስ ለይቶ እንደሚያነብ አረጋግጡ። ዊንዶውስ በራሱ ሁለቱንም በአንድ ጠቋሚ ላይ ስለሚጭናቸው ሁለት ሰው አንድ መሪ የያዙ ያህል ይሆናል።

አካሉን ጥቁር አትቀቡት። ብርቱካናማ ወይም ደማቅ አረንጓዴ ይሁን። 2014 ዓ.ም.ን ያሳለፈ ከተማ ውስጥ ከሩቅ እውነተኛ የሚመስል ነገር ይዞ መንገድ ላይ መታየት ለማንም አይበጅም። ወደ ጓደኛ ቤት ስትወስዱትም ገመዱን ጠቅልላችሁ በካርቶን፣ ካርቶኑንም በፌስታል አድርጉት፤ ታክሲ ውስጥ አውጥቶ ማሳየት የለም።