«ብቸኛ ቁጥር ነው» ከማለታችሁ በፊት

አራት ኪሎ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ክፍል ማታ ማታ ሒሳብ አስጠናለሁ። ሰሞኑን ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ጻፍኩና «ብቸኛ ቁጥር ነው?» አልኩ፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል ነው ወይ ማለቴ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ባለካሬ ደብተሩ ላይ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ11፣ በ13 አካፈለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ቲቸር፣ ብቸኛ ነው!»

ይሄን መልስ ስንቴ ሰማሁት! 13 ላይ ማን አቁሙ አላችሁ? የፈተና ቁጥሮች ትንንሽ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ እዚያው ያልቃሉ፤ ልማዱ የመጣው ከዚያ ነው። የት እንደሚቆም የሚነግራችሁ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው) ነው። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ሁለቱም በአንድ ላይ ከስኩዌር ሩቱ ሊበልጡ አይችሉም፤ ከበለጡማ ሲባዙ ከቁጥሩ ያልፋሉ። የ1,000,001 ስኩዌር ሩት ከ1,000 ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ስለዚህ እስከ 1,000 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ነበረበት። ልጁ ትንሽ ቢታገስ 101 ላይ ያገኘው ነበር፦ 101 × 9,901።

በዚህ ታላላቆቹ የሒሳብ ሊቃውንትም ተሳስተዋል። ፌርማ 4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር እንደሆነ ያምን ነበር። ኦይለር ግን በ1732 እ.ኤ.አ. በ641 እንደሚካፈል አገኘ።

ከስኩዌር ሩቱ አልፎ መሄድም ድካም ነው። 9,901ን ለመመርመር 97 ላይ ደርሳችሁ ካልተካፈለ በቃ፣ ብቸኛ ነው።

በ6፣ በ9፣ በ15 አትሞክሩ። በ3 ካልተካፈለ በሦስቱም አይካፈልም።

አሃዞችን ደምሮ ማየት ለ3 እና ለ9 ነው። ለ7 አይሠራም። የ16 አሃዞች ድምር 7 ነው፤ 16 ግን በ7 አይካፈልም።

«በ4ም በ6ም ከተካፈለ በ24 ይካፈላል» የምትሉ፣ እስቲ 12ን እዩት።

የአካፋዮችን ብዛት ስትቆጥሩ አርቢዎቹን (ከቁጥሮቹ በላይ የሚጻፉትን ትንንሽ ቁጥሮች፤ ካልተጻፈ 1 ነው) አትደምሩ። 360,360 ማለት 2³ × 3² × 5 × 7 × 11 × 13 ነው። እያንዳንዱ አርቢ ላይ 1 ጨምሩና አባዙ፦ 4 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2። 192 አካፋዮች አሉት።

ኤክሴል ላይ ከ15 አሃዝ በላይ ያለው ቁጥር አትመኑ። አስራ ስድስተኛውን አሃዝ ዜሮ ያደርግባችኋል።

እኔም አንድ ቀን ክፍል ውስጥ 9,991 ብቸኛ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። እስከ 89 ሞክሬ፣ አንድ 97 ብቻ ሲቀረኝ ደክሞኝ ተውኩት። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ 10,000 ሲቀነስ 9 ነው።» 100² − 3² መሆኑ ነው፤ ማለትም 97 × 103። ቾኩን ሰጠኋትና ራሷ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ማካፈል ሳልጀምር፣ ቁጥሩ ላይ ትንሽ ስኩዌር ብጨምርበት ሌላ ስኩዌር ይሆን እንደሆነ አያለሁ።