ከአዳራሽ አዳራሽ የሚያገለግል የመብራት ፕሪሴት አሠራር

በጅማ የመድረክ መብራት የሚሠራ ሰው ዛሬ በአንድ አዳራሽ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሆቴል ሰርግ፣ ከዚያም ሜዳ ላይ በተተከለ ጊዜያዊ መድረክ ይሠራል፤ መብራቶቹ ያው ቢሆኑም የሚሰቀሉበት ከፍታና ርቀት በየቦታው ይለያያል። ኪዎቹን፣ ማለትም በኮንሶሉ (በመብራት መቆጣጠሪያው) ተመዝግበው በትርኢቱ ላይ በየተራ የሚጠሩትን የመብራት ሁኔታዎች፣ በቀጥታ በቁጥር የሞላ ባለሙያ ቦታ በተቀየረ ቁጥር ሁሉንም እንደ አዲስ ለማስተካከል ይገደዳል። ኪው ቁጥሩን ሳይሆን ፕሪሴቱን (በስም የተመዘገበውን የቀለም ወይም የአቅጣጫ ዋጋ) እንዲጠራ ከተደረገ ግን ፕሪሴቱ ሲታረም እሱን የሚጠሩት ኪዎች ሁሉ አብረው ይታረማሉ።

ከሁሉ አስቀድመው መብራቶቹን በግሩፕ ይክፈሉ። ከዚያም ቀለምን፣ አቅጣጫንና ጎቦን (ብርሃኑን ቅርጽ የሚያስይዘውን ሰሌዳ) ለየብቻ ይመዝግቡ። አንድ ፕሪሴት የራሱን ባሕርይ ብቻ መያዝ አለበት፤ በመሆኑም ከእያንዳንዱ ምዝገባ በፊት ፕሮግራመሩን (ገና ያልተመዘገቡ ለውጦች የሚቆዩበትን የኮንሶሉን ክፍል) ያጽዱ። በጀማሪነቴ ቀይ ቀለምን ስመዘግብ ዲመሩን (የብርሃኑን መጠን) አብሬ አስገብቼ ነበር፤ በትርኢቱ ላይ መብራቶቹ በጨለማ ውስጥ ሳሉ ቀለማቸው ብቻ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ኪው ስጠራ ሁሉም ቦግ ብለው በርተው ቦታውን ገና ያልያዘውን ተዋናይ አጋለጡት።

ዓይነታቸው አንድ የሆኑ መብራቶች አንድ የቀለም ዋጋ ሊጋሩ ይችላሉ። የተለያየ ዓይነት ያላቸው ግን በተመሳሳይ ቁጥር የተለያየ ቀለም ስለሚሰጡ፣ ጎን ለጎን አብርተው በዓይን እያነጻጸሩ ያስማሟቸው።

ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አቅጣጫ ነው። ኮንሶሉ መብራቶቹን በሚያዝበት የምልክት ሥርዓት፣ በዲኤምኤክስ 512፣ አንድ ቻናል ከ0 እስከ 255 ያሉትን 256 ዋጋዎች ብቻ ይይዛል፤ ብዙ ሙቪንግ ሄዶች (በሞተር የሚዞሩ መብራቶች) ለፓንና ለቲልት፣ ማለትም ለጎን ለጎንና ለላይ ለታች እንቅስቃሴ፣ ሁለት ሁለት ቻናል የሚጠቀሙትም 65,536 ደረጃ አግኝተው በዝግታ ሲዞሩ እንዳይንቀጠቀጡ ነው። እያንዳንዱ መብራት የተሰቀለበት ቦታ የተለየ ስለሆነ የአንዱ የአቅጣጫ ዋጋ ለሌላው አይሆንም፤ ለየራሳቸው ይመዝገቡ። «መሃል ማይክ» የሚለውን ሲመዘግቡ ባዶ ወለል ላይ አያነጣጥሩ፤ አንድ ሰው ማይኩ ጋ አቁመው ብርሃኑን ፊቱና ደረቱ ላይ ያሳርፉ፤ አለበለዚያ ጫማው ደምቆ ፊቱ ይጨልማል። ስሙም «መሃል ማይክ» ወይም «ሙሽሮች» እንደሚለው አገልግሎቱን የሚናገር ይሁን።

ኪው ሲሠሩ ፕሪሴቱን ከጠሩ በኋላ የዚያኑ ባሕርይ ማዞሪያ አይንኩ፤ ከነኩት ግንኙነቱ ይቋረጥና በስክሪኑ ላይ በፕሪሴቱ ስም ፋንታ ተራ ቁጥር ይታያል። ከመመዝገብዎ በፊት ይህንን አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ እኔ የማልዘለው ፍተሻ ይህ ነው።

አዲስ አዳራሽ ሲደርሱ ሾው ፋይሉን (ፕሪሴቶቹና ኪዎቹ የተቀመጡበትን) ይጫኑ፣ የአቅጣጫ ፕሪሴቶቹን በየተራ ጠርተው ያስተካክሉ፣ በአፕዴት ትእዛዝም በነበሩበት ላይ ያድሱ። አዲስ ፕሪሴት አድርገው ከመዘገቡት ኪዎቹ የድሮውን መጥራታቸውን ይቀጥላሉ። ጊዜ ካጠረ ዘፋኙ ወይም ሙሽሮቹ ካሉበት ይጀምሩ፤ የጎንና የኋላ ማድመቂያው ኋላ ይደርሳል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ኮንሶሉን ከዩፒኤስ (ከመጠባበቂያ ባትሪ) ጋር ያገናኙ፤ የታደሰውን ፋይልም በሁለት ፍላሽ ይያዙት።