በኮሪያ ዘምቶ በጀግንነት የተሸለመ የመቶ አለቃን ታሪክ አጣርቶ ለመመዝገብ

ኢትዮጵያ በኮሪያ ጦርነት ካዘመተችው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ዘምተው በጦር ሜዳ ጀብዱ የተሸለሙ ወጣት መኮንኖች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ይኖራሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚያውቁት «አባታችን በኮሪያ ተሸልሞ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው። መኮንኑ በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው ኮረብታ ላይ፣ ከእነማን ጋር ሆኖ ምን እንደ ሠራ ካልተጻፈ ግን ታሪኩ ከአንድ ትውልድ አያልፍም፤ ስለዚህ ፍለጋው ከሜዳዩ ይልቅ ከሽልማቱ ጋር የተሰጠውን፣ ተሸላሚው የሠራውን የሚናገር ጽሑፍ ዒላማ ማድረግ አለበት።

ሆኖም መጀመሪያ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳዩ ስለሆነ ምን እንደሆነ በትክክል ይለዩት። ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ጥብጣብና የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ካለው በኮሪያ ለዘመተ ሁሉ የተሰጠ የአገልግሎት ሜዳይ ነው፤ ለኢትዮጵያውያን የተሠራው ጽሑፉ በአማርኛ ስለሆነ በቀላሉ ይታወቃል። ይህ ክብር ነው፣ የጀብዱ ሽልማት ግን አይደለም። የአሜሪካው ሲልቨር ስታር በወርቃማ ኮከብ መካከል ትንሽ የብር ኮከብ ያለበት ሲሆን የሚሰጠው በውጊያ ላይ ለተፈጸመ ጀግንነት ብቻ ነው። ብሮንዝ ስታር ግን ለመልካም አገልግሎትም ለጀግንነትም ስለሚሰጥ ጥብጣቡን ቀረብ ብለው ይመርምሩ፤ «ቪ» የምትባለው የላቲን ፊደል በትንሽ ነሐስ ተሠርታ ከተሰካችበት ሽልማቱ የጀግንነት ነው። የሜዳዩን ጀርባም ይመልከቱ፤ የተሸላሚው ስም ተቀርጾበት ሊገኝ ይችላል። ሜዳዩን በማጽጃ አይወልውሉት፣ ጥብጣቡንም አይጠቡት።

ቀጥሎ የዘመተበትን ዙር ያረጋግጡ፤ ዙሩ ከታወቀ ቀሪው ፍለጋ በጣም ይጠባልና። ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ የተላከው አንደኛው ቃኘው ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ሲሆን አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 የቀደማቸውን ተኩ፤ የተኩስ አቁሙም ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተፈረመ። አራተኛው ቃኘው የደረሰው ከዚያ በኋላ ስለሆነ በውጊያ ላይ የተገኘ ሽልማት ከቀደሙት ሦስቱ ከአንዱ ጋር መያያዝ አለበት። ሻለቃው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተመድቦ የተዋጋ በመሆኑም የአሜሪካ ሽልማቶችን ጽሑፍ ሽልማት በሚታወጅባቸው የክፍለ ጦሩ ትእዛዞች ውስጥ መፈለግ ይገባል።

እነዚህ ሰነዶች የሚፈለጉት በሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ከሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ሴንት ሉዊስ ያለው መዝገብ ቤት የአሜሪካ ወታደሮችን የግል ማኅደር የሚይዝ ስለሆነ ጥያቄዎን ወደዚያ አይላኩ። ጥያቄውን ሲጽፉ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ያድርጉ፤ ስሙንም በተለያየ አጻጻፍ ያቅርቡ፤ የአሜሪካ ጸሐፊዎች የኢትዮጵያውያንን ስም እንደ ሰሙት ይጽፉ ነበርና የአባት ስም ከፊት፣ የራስ ስም ከኋላ ሆኖም ሊገኝ ይችላል። ከሽልማቱ ትእዛዝ በተጨማሪ የዚያን ወር የክፍለ ጦርና የሬጅመንት የውጊያ ዘገባ ይጠይቁ። አሜሪካዊው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል «ፖርክ ቾፕ ሂል» በተባለው መጽሐፉ የሦስተኛውን ቃኘው የሌሊት ቅኝቶች በሰፊው ስለ ጻፈ፣ ምክትል መቶ አለቃ ዘነቀ አስፋውን የመሰሉ ወጣት መኮንኖች በስም ይገኙበታል፤ ዘመዱ በዚያ ዙር የነበረ ሰው ቢያነበው እጅግ ይጠቀማል። በአገር ቤት ደግሞ የዘመኑን «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ገልጠው ማየትና የኮሪያ ዘማቾች ማኅበርን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዘማቹ ወይም የጦር ጓዱ በሕይወት ካሉ ግን ሰነዱን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ አብረዋቸው ይቀመጡ፤ ዕድሜያቸው ከዘጠና እያለፈ ነውና። «እንዴት ተሸለሙ?» ብሎ መጀመር ብዙ አያዋጣም፤ ጨዋ መኮንን ስለ ራሱ ማውራት ያፍራል። ይልቁንም «ጋሼ፣ ከምሽጉ ስትወጡ ስንት ነበራችሁ? በስተቀኝዎ ማን ነበር? ሬዲዮውን የያዘው ማን ነው? የቆሰለውን ማን ተሸከመው?» ብለው ይጠይቁ። የመቶ አለቃ ሥራ የሚታየው በሰዎቹ ላይ ነው፤ ስለ እነርሱ ሲያወራ የራሱን ሥራ ሳያስበው ይናገራል። ሲደክማቸው ያቁሙ፣ ድምፁንም በሁለት ቦታ ያስቀምጡ።

ቤተሰቡ ዝም ያለ ከሆነ ዝምታውን አይኮንኑት። የክብር ዘበኛ አዛዦች ከመሩት ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ የክብር ዘበኛ መኮንን መሆን አስጠርጣሪ ነበር፤ በደርግ ዘመንም ከአሜሪካኖች ጎን ኮሙኒስቶችን መውጋት የሚያኮራ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ወረቀትና ፎቶግራፍ ያልታሰበ ቦታ፣ ለምሳሌ ከሌላ ሥዕል ጀርባ ወይም ከዘመድ ቤት፣ ሊገኝ ይችላል። የተገኘውን ወረቀት ላሚኔት አያስደርጉት፤ ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራልና። በጥራት ስካን ያስደርጉና ከአሲድ ነጻ በሆነ ፖስታ ውስጥ ያኑሩት።

ሲጽፉ የሽልማቱን ጽሑፍ ሳያሳጥሩ መጀመሪያ ያስፍሩ፤ የምስክሮችን ቃል ደግሞ ከተናገረው ሰው ስምና ከተቀዳበት ቀን ጋር ለየብቻ ያድርጉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ለማስታረቅ አይሞክሩ፤ በጨለማ የተዋጋ ሰውና በማግስቱ ዘገባ የጻፈ ሰው አንድ ዓይነት ነገር አላዩም። አብረውት የነበሩትን የበታች ሹማምንትና ተራ ወታደሮች ስም፣ በተለይም የሞቱትን፣ በሙሉ ያስገቡ፤ ብዙዎቹ የሚጽፍላቸው ዘመድ የላቸውም። ሥራው ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለወመዘክር፣ አንድ ቅጂም ለዘማቾቹ ማኅበር ይስጡ።