የአሜሪካ ምርጫ ማኅበራችንን እንዳይበትነው ምን እናድርግ?

ምርጫ ሲቃረብ የቫይበር ግሩፖቻችን ምን እንደሚመስሉ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትኖሩ መንገር አያስፈልግም። ጠዋት የዕለቱ ስንክሳር ይለጠፋል፣ ከሥሩ «አሜን» ይደረደራል። ማታ አንዱ የትራምፕን ቪዲዮ ይለቃል። ሌላዋ ትመልሳለች። ሦስተኛው «ኧረ ይሄ የጸሎት ግሩፕ ነው» ይላል። እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ሰው ከግሩፑ ይወጣል። እሑድ ያ ሰው ቅዳሴ እንዳለቀ ጠበል ጸዲቅ ሳይቀምስ በጎን በር ወደ መኪናው ይሄዳል። የምጽፈው ለእሱም፣ አዳራሽ ውስጥ ለቀሩትም ነው። ማንን ምረጡ አልልም። ድምፃችሁን ሰጥታችሁ ሰው ሳታጡ እንዴት እንደምትወጡ ግን የማምንበትን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ጠቡ በእውነት ስለ ምን እንደሆነ ለዩ። በእኛ ዘንድ ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚጀመር ክርክር ብዙ ጊዜ ስለ አገር ቤት ነው። ኦክቶበር 2020 ላይ ትራምፕ ግብፅ የህዳሴ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል ሲናገር ስንቱ ሰው አንጀቱ ተቃጠለ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ምርጫው በተካሄደበት በዚያው ሳምንት፣ የትግራይ ጦርነት ጀመረ። ከዚያ የባይደን መንግሥት የቪዛ ክልከላና የአጎዋ (ያለ ቀረጥ ዕቃ ወደ አሜሪካ የማስገባት ዕድል) ጉዳይ መጣ። በ2021 የቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ ጊዜ ደግሞ በባይደን የተናደዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ቀሰቀሱ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ከተማ፣ የባይደን ጫና ወደ ትግራይ እርዳታ ያስገባልናል ብለው ወራት ሙሉ የእናታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ የሚጠብቁ ክርስቲያኖች ነበሩ። አንዱ የአገሬ ክብር ተነካ ይላል፣ ሌላው ቤተሰቤ አለቀ ይላል። ሁለቱም የሚጮኹት በአንድ የአሜሪካ ፖለቲከኛ ስም ነው።

ስለዚህ ወንድማችሁ ስለ አንድ እጩ ሲያወራ ድምፁ ከፍ ካለና ዓይኑ ከቀላ፣ ስለ እጩው አትመልሱለት። ቤተሰቡን ጠይቁት። «እማማ እንዴት ናቸው? ስልክ ይሠራል? እህትህ ወጣች?» ብላችሁ ዝም በሉ፣ ይናገር። መልሱን አቋርጣችሁ «የእኛም ሰው እኮ ሞቷል» አትበሉት። የእናንተም ሐዘን ጊዜ አለው፤ እሱ ከጨረሰ በኋላ።

ፖለቲካ ቤተ ክርስቲያንን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እኛ ከሌላ ሰው መስማት የለብንም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ አገር ቤትና ስደት ባሉ ሁለት ሲኖዶሶች ተከፍላ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየች። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት አጥቢያዎች፣ አንድ ዓይነት ቅዳሴ እየቀደሱ፣ አይነጋገሩም ነበር። እርቁ የወረደው እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት የአንዱ ልጅ ሲዳር ሌላው ያልመጣበት ሠርግ፣ ሳይታረቁ የተቀበሩ ወዳጆች አሉ። እነሱን ማንም እርቅ አይመልሳቸውም። ለዚህ ነው «ትንሽ ጭቅጭቅ ነው፣ ያልፋል» የሚሉኝን የማልቀበለው።

ስልኩን በተመለከተ፦ አስተዳዳሪ የሆናችሁ ሰዎች ምርጫው ከመድረሱ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ የግሩፑን ደንብ ጻፉ። የእጩ ቪዲዮ፣ ፎቶና ቀልድ አይለጠፍም፣ ቢለጠፍም ልጥፉ ይነሳል እንጂ የለጠፈው ሰው አይሰደብም። ደንቡ ለሁሉም እኩል ይሥራ፤ የምትደግፉትን ወገን ቪዲዮ አሳልፋችሁ የሌላውን ብታጠፉ ሰዉ በአንድ ቀን ያውቅባችኋል። የደረሳችሁን ሁሉ ፎርዋርድ አታድርጉ። ዘጸአት 23 ገና መጀመሪያው ላይ ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል ይላል፣ መቀበሉን ነው የከለከለው፣ ማሰራጨቱማ ይቅርና። አሁን ድምፅም ምስልም በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይሠራል፣ ስለዚህ «በዓይኔ አይቼዋለሁ» ማለት ማረጋገጫ መሆኑ ቀርቷል። ዜናው የታወቀ ጋዜጣ ላይ ከሌለ እናንተም ጋ ይቅር።

መወያየት ከፈለጋችሁ (መወያየቱ ክፉ አይደለም፣ ዝምታውም ቂም ይወልዳል) ሁለት ሆናችሁ፣ ቡና ይዛችሁ፣ ፊት ለፊት ይሁን። አንድ ሕግ አስቀምጡ፦ የራስን ሐሳብ ከመናገር በፊት የሌላውን ምክንያት እሱ «አዎ፣ ይኸው ነው» እስኪል ድረስ በራስ አፍ መድገም። አንዷ በሆድ ያለ ሕፃን ነፍስ ነው ብላ በፅንስ ማስወረድ ጉዳይ ብቻ ትመርጣለች። ሌላው መጻተኛን አታስጨንቁ የሚለውን ቃል ይዞ በስደተኛ ጉዳይ ይመርጣል። ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው ነው የመጡት። አንዷን «የሰይጣን ወገን»፣ ሌላውን «ከሃዲ» ካላችሁ ስለ ፖሊሲ ማውራት አቁማችሁ ፍርድ ጀምራችኋል፣ እሱ ደግሞ ለእናንተ አልተሰጠም። ጌታ ግብር ይሰበስብ የነበረውን ማቴዎስንና ቀናተኛ የተባለውን ስምዖንን በአንድ ማዕድ አስቀምጧል።

ካህናትና ፓስተሮች፣ እባካችሁ ዐውደ ምሕረቱን ከዚህ አርቁት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ያለው ሕግ ከግብር ነፃ የሆነ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ተቋም እጩን እንዳይደግፍ ይከለክላል። በ2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ ራሱ አብያተ ክርስቲያናት ለምእመናናቸው ቢናገሩ እንደማይነካቸው ለፍርድ ቤት አስታውቋል። እኔ ግን ሕጉ ቢፈቅድም አይደረግ ባይ ነኝ። እጩ ስትጠሩ ከምእመኑ ግማሹ ከዚያ ቀን በኋላ ለንስሐ ወደ እናንተ መምጣት ይከብደዋል።

ውጤቱ በታወቀ ቀን ደስ ያላችሁ ሰዎች ከመጨፈራችሁ በፊት አጠገባችሁ ማን እንደተቀመጠ እዩ። ዜግነት የያዘ አለ። ግሪን ካርድ የያዘ አለ። አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቆ ዓመታት የሚጠብቅ አለ። ጃንዋሪ 20፣ 2025 የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራም እንዲታገድ ሲታዘዝ ናይሮቢና ካምፓላ ያሉ ልጆቻቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ምን እንደሆኑ አስቡ። ለአንዱ ምርጫ ሐሳብ ነው፣ ለሌላው የልጁ ጉዳይ ነው። ያዘናችሁም ብትሆኑ በሌላ ወገን የመረጠውን ሁሉ ስደተኛ የሚጠላ አድርጋችሁ አትቁጠሩ።

ምርጫው ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው። ማግስቱ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። ወቅቱም ወርኃ ጽጌ ነው፣ ቅድስት ድንግል ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን የምናስብበት። የኦርቶዶክስ ልጆች ያንን ረቡዕ ከሥጋና ከወተት ብቻ ሳይሆን ከቲክቶክና ከዩቲዩብም ጹሙ። ወንጌላውያን ወንድሞችና እህቶችም የጾም ጸሎት ይያዝ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ጸልዩ ይላል፤ የመረጣችሁት ከሆነ ብቻ አይልም። የተመረጠውን ሰው ስም ጠርታችሁ ጸልዩለት። የመጀመሪያው ቀን ከጉሮሮ አይወርድም፣ ግን ጸልዩ።

አስቀድማችሁ የተቀያየማችሁ ሰው ካለ እሑድን አትጠብቁ። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል ያንን ሰው ዘልላችሁ ለሌላው እጅ መንሣት ከባድ ነገር ነው። ቴክስት አትጻፉ፣ ደውሉ፣ ከተቻለ ቤቱ ሂዱ። «ይቅርታ፣ ግን አንተም...» አትበሉ፣ «ግን»ን ተዉት። በሰው ፊት ሰድባችሁት ከሆነ ይቅርታውም እዚያው ግሩፕ ውስጥ ይሁን። እምቢ ካለ የሚያከብራቸውን አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ተመለሱ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲባል ጨክኖ የሚቀር ሐበሻ ብዙ አይደለም።

በዚያ ሳምንት ደግሞ ወሬው ይበዛል፣ ሰው ይደነግጣል። ሰበካ ጉባኤው ወይም የሽማግሌዎች ቦርዱ ለቀጣዩ እሑድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጋብዝ። ከቅዳሴ ወይም ከአምልኮ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አጠቃላይ ነገሩን ያስረዳ፣ ከዚያ አንድ ክፍል ተሰጥቶት ሰዉ አንድ በአንድ ይግባ። አማርኛም ትግርኛም ኦሮምኛም የሚያስተረጉም ሰው ይዘጋጅ። የማንም ጉዳይ በማይክ አይጠየቅ፣ በር ላይም ስም የሚመዘግብ አይቁም።