ኮምፔርሳቶ ስናለሰልስ ልናስወግዳቸው የሚገቡ የብርጭቆ ወረቀት ስህተቶች

ቡፌው ተቆርጦ ተገጥሟል፣ ኮላው ደርቋል፣ ማጠፊያው ገብቷል። የቀረው ፊቱን አለስልሶ ቫርኒሽ መቀባት ብቻ ነው። ሠራተኛው 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የበሩን ፊት ማሸት ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይቶ ጥጉ ላይ ሳንቲም የምታህል የገረጣች ቦታ ብቅ ትላለች። የበሩ የእንጨት መስመር ሁሉ ወደ ላይ ሲሄድ፣ እሷ ውስጥ ግን መስመሩ አግድም ነው። ቬኒየሩ፣ ማለትም ፊቱ ላይ የተለጠፈው ስስ እንጨት፣ አልቆ ከሥሩ ያለው ንጣፍ ታየ ማለት ነው። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ ብዙ የተደከመበት የኮምፔርሳቶ ዕቃ በዚህ ዓይነት መጨረሻው ላይ ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የቁጥር ምርጫ ነው (የወረቀቱ ቁጥር ሲያንስ ሻካራ፣ ሲበዛ የላመ ነው)፤ ስለዚህም በቀላሉ ሊቀር የሚችል ጥፋት ነው።

ኮምፔርሳቶን እንደ ዋንዛ ሳንቃ ማየት

የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ ምንጭ ይህ ነው። የዋንዛ፣ የጽድ ወይም የዝግባ ሳንቃ ከፊት እስከ ጀርባው ያው እንጨት ነው። መላጊያ የተወውን ሞገድ በ80 ቁጥር ብትፍቁት፣ አንድ ሚሊ ሜትር ብታወርዱለት እንኳ ከሥሩ የሚወጣው ራሱ ዋንዛ ነው። ጀጎል ውስጥ ያሉ የድሮ የተቀረጹ በሮች እየተፋቁ ሊታደሱ የሚችሉት ወጥ እንጨት ስለሆኑ ነው። ኮምፔርሳቶ ግን አንዱ በቁመት፣ አንዱ በአግድም እየተነባበረ በኮላ የተጫነ ስስ ስስ ንጣፍ ነው። ፊቱ ላይ የምናየው ያማረ እንጨት ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያም የሚሳሳ አለ። አንድ ቅጠል የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ቅጠል ደርባችሁ ጫፉን በጣታችሁ ዳስሱት። ለመፋቅ የተሰጣችሁ እንጨት ይኸው ነው፤ እሱንም በሙሉ መጨረስ አትችሉም።

ስለዚህ ቁጥር ከመምረጣችሁ በፊት ጠርዙን እዩ። የተቆረጠውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ አበስ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ ብትይዙት ንጣፎቹ ተለይተው ይታያሉ። የላይኛው ንጣፍ እንደ ክር ቀጥኖ ከታየ ሥራውን በ180 ጀምሩ። ወፈር ያለ ከሆነና ፊቱ ላይ ሸካራነት ካለ በ150 መጀመር ይቻላል። ከዚያ በታች የምትወርዱበት ምክንያት የለም፤ ቬኒየር ያለው ጣውላ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ በማሽን ታሽቶ ነው የሚመጣው። የእኛ ድርሻ በመጓጓዣና በሥራ ላይ ያገኘውን ትንሽ ጭረትና እድፍ ማንሳት ነው። «አቦ፣ በ80 አንዴ ጠረግ ላድርገው» የሚባለው ነገር ለወጥ እንጨት እግርና ለጠርዝ እንጨት ይሁን፣ ለፊቱ አይሆንም።

ዕቃ ወድቆበት ስርጉድ ያለ ቦታ ካለስ? ዙሪያውን ፍቆ ከስርጉዱ ጋር እኩል ማድረግ ቬኒየሩን መጨረስ ነው። ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ስርጉዱ ላይ አድርጋችሁ የጋለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አሳርፉበት፤ እንፋሎቱ የተጫነውን እንጨት ወደ ላይ ያነሳዋል። ካውያው ከቆየ ግን የሥሩ ኮላ ይለቃል። እንጨቱ በደንብ ሲደርቅ በ220 ስሱን አለስልሱት።

ቁጥር መዝለል

በ80 ወይም በ100 ጀምሮ በቀጥታ 220 ማንሳት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። የ80 ቁጥር ቅንጣት በአማካይ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ የ220 ደግሞ 0.07 አካባቢ። ትልቁ ቅንጣት ያረሰውን ቦይ ትንሹ ሊሞላው አይችልም፤ የቦዩን አፍ ብቻ ያብሰዋል። በእጅ ሲዳሰስ ልስልስ ይላል፣ በዓይንም ንጹሕ ይመስላል። የእንጨት ቀለሙ ሲቀባ ግን ቀለሙ ቦዩ ውስጥ ይተኛና ጭረቱ ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። ያኔ ተመልሶ መፋቅ ይመጣል፣ ቬኒየሩም የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ለኮምፔርሳቶ ፊት ከ150 ወደ 180፣ ከ180 ወደ 220 በቂ ነው። ለወጥ እንጨት ክፍሎች 80፣ 120፣ 180፣ 220። የእያንዳንዱ ቁጥር ሥራ የቀደመውን ቁጥር ጭረት ማጥፋት ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። መጥፋቱን ለማወቅ እጅን አትመኑ። ቤቱን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ጣውላው ላይ አጋድማችሁ አብሩ፤ መብራቱ ከጎን ሲመጣ የቀረው ጭረት ጥላ ይጥላል።

እርሳስም ጥሩ ረዳት ነው። ከማሸታችሁ በፊት በፊቱ ሁሉ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ስስ ሞገድ መስመር ሳሉ። ወረቀቱን በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ እያስኬዳችሁ መስመሩ እንደጠፋ አቁሙ። አንድ ቦታ ላይ ቀድሞ ከጠፋ እዚያ ላይ እየተጫናችሁ ነው፤ ሳይጠፋ የቆየ ቦታ ካለ ደግሞ እዚያ ጣውላው ዝቅ ብሏል። እርሳሱን ለማጥፋት ብላችሁ ዝቅ ያለውን ቦታ አታሳድዱት። ለእኔ ይህች የእርሳስ መስመር ከማንኛውም ውድ ማሽን በላይ ብዙ ቬኒየር የምታድን ናት።

ቁጥሩን አይቶ ፊደሉን አለማየት

የወረቀቱን ጀርባ ስታገላብጡ አንዳንዱ ላይ ከቁጥሩ በፊት «ፒ» የምትባለው የላቲን ፊደል አለች፣ አንዳንዱ ላይ የለችም። ፊደሏ ያለችበት በአውሮፓ መለኪያ፣ የሌለችበት ብዙውን ጊዜ በአሜሪካ መለኪያ የተሠራ ነው። እስከ 180 ድረስ ልዩነቱ የሚያሳስብ አይደለም። ከ220 በላይ ግን መንገዳቸው ይለያያል፦ ፊደል የሌለው 320 ከባለ ፊደሉ 400 ጋር ይቀራረባል፣ ፊደል የሌለው 400 ደግሞ ወደ ባለ ፊደሉ 800 ይጠጋል። ባለፈው ወር በአንዱ፣ በዚህ ወር በሌላው የሠራ ሰው «ቁጥሩ ያው ነው፣ ቀለሙ ለምን ተለየ?» ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም። ከጥቅል በሜትር ተቆርጦ የሚሸጠውን ስትገዙ ቁጥሩ የታተመበትን ክፍል ጨምሮ እንዲቆርጥላችሁ ሻጩን ለምኑት። ለአንድ ዕቃ የሚያስፈልገውን ደግሞ ከአንድ ዓይነት ግዙ።

ጋራዦች መኪና የሚያሹበት ጥቁሩ የውኃ ወረቀት በቫርኒሽ ሽፋኖች መካከል ጥሩ ይሠራል። ለባዶ እንጨት ቡናማውን ወይም ቀዩን ምረጡ።

በጣም የላመ ቁጥር ባዶ እንጨት ላይ መጠቀም

ይሄኛው ስህተት የጠንቃቃ ሰው ስህተት ነው። ከ220 በኋላ 320፣ ከዚያ 400 እየቀጠለ ጣውላውን እስኪያብረቀርቅ ያሸዋል። የእንጨቱ ቀዳዳዎች በላመ ብናኝ ይደፈናሉ፣ ፊቱም ይጠረጋል፤ የእንጨት ቀለም ሲቀባበት እንደሌላው አይጠጣም፣ ገርጥቶና ተዥጎርጉሮ ይቀራል። ቀለም የሚቀባ ከሆነ በ180 ወይም በ220 አቁሙ። ቀለም ሳይገባ ንጹሕ ቫርኒሽ ብቻ ከሆነም 240 ይበቃል።

ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ አንድ ወጥ መሆኑ ይበልጣል። የቁም ሳጥኑ ግራ በር በ180፣ ቀኙ በ220 ካበቃ፣ ከአንድ ጣሳ በወጣ ቀለም ሁለት መልክ ይይዛሉ። አንድ ቦታ ብቻ የተለየ ሕግ አለው፦ የእንጨቱ ጫፍ፣ ማለትም ቃጫው ተቆርጦ አፉን የከፈተበት ጎን። እሱ ቀለም ከፊቱ ይልቅ አብዝቶ ስለሚጠጣ ይጠቁራል። ስለዚህ ጫፉን ከፊቱ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር አልፋችሁ፣ በ240 ወይም በ320 ጨርሱት።

ወረቀቱን በጣት ይዞ፣ ወይም በግራይንደር ማሸት

በጣት የተያዘ ወረቀት የሚፍቀው ጣት ያረፈበትን ብቻ ነው፤ ፊቱ ላይ የማይታዩ ቦዮች ያወጣል። ወረቀቱን ፊቱ ቀጥ ባለ ትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልሉት፣ ከሥሩ ስስ ላስቲክ ወይም ቡሽ ቢኖር ይመረጣል። ወደ ጠርዝ ስትደርሱ እንጨቱ ከጣውላው ውጭ እንዳይንጠለጠል፤ ከግማሽ በላይ ከወጣ ያጋድልና ቬኒየሩን ከጫፉ ይበላዋል። ያቺ ሳንቲም የምታህል የገረጣች ቦታ ጥግ ላይ የምትወጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ለብየዳ የተገዛውን ግራይንደር ብርጭቆ ወረቀት አልብሶ ኮምፔርሳቶ ላይ ማሳረፍ ፈጽሞ መቅረት አለበት። የቀበቶ ማሽኑም እንዲሁ። የሚንቀጠቀጠውን ማሽን መጠቀም ይቻላል፤ በራሱ ክብደት ብቻ ይሂድ፣ አትጫኑት፣ አታጋድሉት፣ አንድ ቦታ አታቁሙት፣ ከ180 በታችም አታልብሱት። የመጨረሻውን ቁጥር ግን በእጅና በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ጨርሱ፤ ማሽኑ የሚተወው ክብ ክብ ጭረት ከቀለም በኋላ ነው የሚታየው።

የኮላ ጠብታን በብርጭቆ ወረቀት ለማጥፋት መሞከርም እዚሁ ይመደባል። ኮላ እንጨቱ ውስጥ ስለሚሰርግ እሱን ያህል መፋቅ ቬኒየሩን መፋቅ ነው። ገና እርጥብ ሳለ በውኃ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉት።

የድሬን ሙቀት መርሳት

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ። ያው ሲለር (ከቫርኒሹ በፊት የሚቀባው መነሻ ሽፋን) እና ያው ላከር (ቶሎ የሚደርቀው የቫርኒሽ ዓይነት) ሁለቱ ከተሞች ላይ አንድ ዓይነት አይደርቅም። ድሬ እኩለ ቀን ላይ ስትረጩ ቲነሩ ገና አየር ላይ ሳለ ይተናል፣ ጠብታው ሳይዘረጋ ይደርቃል፣ ፊቱም ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ ይላል። ይህን ሻካራ ለማንሳት ብሎ 150 ወይም 180 የሚያነሳ ሰው ስሱን ሽፋን በስቶ ባዶው እንጨት ላይ ይደርሳል። መርጨቱን ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ድረስ ጨርሱት፤ ነፋስ አቧራ ሲያነሳም አቁሙ። በሽፋኖች መካከል የሚገባው 320 ወይም 400 ብቻ ነው፣ እሱም ሁለት ሦስት ጊዜ እያለፉ ቀለል አድርጎ። የጠርዙን መስመር ጭራሽ አትንኩት፤ ቫርኒሽ እዚያ ላይ ነው የሚሳሳው።

ሙቀቱ ሌላም ያሳስታል። ላዩ ቶሎ ስለሚደርቅ ውስጡም የደረቀ ይመስላል። ጥግ ላይ አንድ ጊዜ ሸት አድርጋችሁ ወረቀቱን አገላብጣችሁ እዩ፦ ደረቅ ነጭ ዱቄት ከወጣ ቀጥሉ፤ ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ የሚድበለበል ከሆነ ገና ነው፣ ተዉት።

ብናኙን መናቅ

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠው ምድብ 1 ውስጥ አስገብቶታል። የላመ ቁጥር የላመ ብናኝ ያወጣል፤ ሰጋቱራ መሬት ላይ ሲወድቅ እሱ ግን አየር ላይ ይቆያል። ለሙቀቱ ተብሎ ቬንትሌተር ከፍቶ፣ አፍና አፍንጫ ሳይሸፍኑ ማሸት ብናኙን ሳንባ ውስጥ ማስገባት ነው። ተለማማጅ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ጭምብል መግዛት የባለቤቱ ግዴታ ሊሆን ይገባል። በኮምፕሬሰር መንፋት ለዕቃውም አይበጅም፤ ከ150 የቀረች አንዲት ቅንጣት በ220 ሥር ገብታ ረጅም ጭረት ታወጣለች። ቁጥር በለወጣችሁ ቁጥር በብሩሽና እምብዛም ባልረጠበ ጨርቅ ጥረጉ።

ቬኒየሩ አንዴ ከተበሳ

ማሸቱን ወዲያው አቁሙ። ዙሪያውን ማሸት ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ፊቱን በሙሉ አንድ ጊዜ ሲለር ቀቡት፤ ሲደርቅ የገረጣውን ቦታ በቀጭን ብሩሽ፣ በቲነር በቀጠነ ቀለም፣ የእንጨቱን መስመር እየተከተላችሁ ቀስ በቀስ አጥቁሩትና ሌላ ሲለር ደርቡበት። ሰፊ ከሆነ ቀለም አያድነውም። ከዚያው ጣውላ ቁራጭ ላይ ቬኒየር በውኃና በካውያ አንሥታችሁ፣ መስመሩ ከመስመሩ ጋር እንዲገጥም በጥንቃቄ ቆርጣችሁ ለጥፉት፤ ወይም ጣውላው በሁለቱም ፊት ያማረ ከሆነና የማጠፊያው ቀዳዳ ከፈቀደ በሩን ገልብጡት።